«ድራማ ፊልም ሞቷል» ላሉን ጸሐፊ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ርዕሱ «ድራማ ፊልም ሞቷል፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ይላል። ከሥሩ «እስቲ አንብቢውና ንገሪኝ፤ እኔ ግን አምኜበታለሁ» ብላ ጽፋልኛለች። አነበብኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስለዚህ ለእሷም፣ ጽሑፉን ለተቀባበሉትም፣ ለጸሐፊውም ይሄን ጻፍኩ።

ጸሐፊው የሚሉት ስድስት ነገር ነው። የቅርብ ጊዜ ድራማ ፊልሞች ቀርፋፋ ናቸው፤ ምንም አይፈጠርባቸውም። ታሪኩን ከዩቲዩብ ትረካ በአስር ደቂቃ መስማት ሲቻል ሁለት ሰዓት መቀመጥ አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ያልተሠራ ፊልም ሰብታይትል እያነበቡ ማየት ያደክማል፤ በአማርኛ ከተተረከ ብቻ ይታይ። የግድ ማየት የፈለገ ሰው ኦስካር ያገኘውን ብቻ ይይ። ችግርና ስደት በቤታችን ሞልቶ ሳለ የሌላ ሰው ችግር ማየት ትርፉ ድካም ነው። ከኛ አገርም ቢሆን የሚታይ ድራማ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ፊልም ብቻ ይመክራሉ፤ የአቶም ቦምብ ሥራን የመራውን ሳይንቲስት ታሪክ የሚያሳየውን «ኦፐንሃይመር»ን።

ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምር። «ኦፐንሃይመር» ጥሩ ፊልም ነው፤ እስማማለሁ። ግን ምን ዓይነት ፊልም ነው? ሦስት ሰዓት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚከራከሩበት ነው። ቦምቡ የሚፈነዳው አንዴ ነው። የቀረው የአንድ ሰው ሕሊና ነው። ጸሐፊው እሱን ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለው አይተው ከወደዱት፣ የወደዱት ድራማ ነው ማለት ነው። የሚቀጥሉትን ፊልሞች የማይወዱበት ምክንያት አይታየኝም።

«ምንም አይፈጠርም»

ጸሐፊው ለዚህ ምሳሌ ያደረጉት «ፐርፌክት ዴይስ»ን ነው። «አንድ ሰውዬ ሽንት ቤት ሲያጸዳ ሁለት ሰዓት ማየት» ይላሉ።

እውነት ነው፣ ያጸዳል። ሂራያማ ይባላል። ቶኪዮ፣ ሺቡያ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ጽዳት ሠራተኛ ነው። ፊልሙን በ2023 የሠራው ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሂራያማን ሆኖ የተጫወተው ኮጂ ያኩሾ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቷል። የሚናገረው ቃል ግን በጣም ጥቂት ነው።

ጠዋት አንዲት አሮጊት መንገድ ሲጠርጉ የመጥረጊያቸው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። ፍራሹን ያጥፋል። ትንንሽ ችግኞቹን ውሃ ያጠጣል። በር ከፍቶ ሲወጣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ፈገግ ይላል። ከማሽን የቆርቆሮ ቡና ይገዛል። መኪናው ውስጥ ካሴት ይከታል። ሥራ ቦታው ሲደርስ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣ ዓይን የማይደርስበትን ቦታ በትንሽ መስታወት እያየ ያጸዳል። ማንም አያየውም። ማንም አይጠይቀውም።

ይሄ በማግስቱም ይደገማል። ከዚያም በማግስቱ። ጸሐፊው «ምንም አይፈጠርም» ያሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ የምለው እዚሁ ላይ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። የሰውየውን ቀን እንደ ራሳችን ቀን ስናውቀው፣ ትንሿ ለውጥ ትልቅ ትሆናለች። አንድ ቀን አንዱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተሸጉጣ የተቀመጠች ወረቀት ያገኛል። የማያውቀው ሰው ዜሮና ኤክስ ጨዋታ ጀምሮባታል። ሂራያማ የራሱን ምልክት ያደርግና መልሶ ይሸጉጣታል። በማግስቱ መልስ ይጠብቀዋል። እመኑኝ፣ ያቺ ወረቀት መኖሯን ለማወቅ እኔም ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ እህቱ ትመጣለች። በሹፌር በሚነዳ መኪና ነው የመጣችው። በእውነት ሽንት ቤት ታጸዳለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ አይከራከርም። ያቅፋታል። ስትሄድ ያለቅሳል። በዚህ ሰውዬና በቤተሰቡ መካከል ምን እንደተፈጠረ ፊልሙ አይነግረንም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ትቶ እንደመጣ እናያለን። ይሄን ዝም ያለ ኑሮ መርጦት እንደሆነም እናያለን።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ሰፈራችን በሌሊት መንገድ የሚጠርጉትን እናት «እንደምን አደሩ» ማለት ጀመርኩ። ስንት ዓመት ዝም ብዬ አልፌያቸዋለሁ። አሁን ስሜን ያውቃሉ።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ልክ ናቸው። ቀርፋፋ የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ካሜራውን መስኮት ላይ ተክሎ ጥልቅ ነኝ የሚል ፊልም ሞልቷል። እሱን እኔም አልመክርም። ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ዝምታው ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም?

«በአስር ደቂቃ ትረካ ይበቃል»

ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄኛው ነው።

እነዚህን ትረካዎች እኔም እሰማለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ልጆች ናቸው፤ አማርኛቸውም ያምራል። አክሽን ፊልም ከሆነ ብዙም የሚቀርብኝ ነገር የለም። ድራማ ላይ ግን የሚደርሰን አጥንቱ ብቻ ነው።

«ዘ ፋዘር»ን መጀመሪያ ያወቅሁት በትረካ ነበር። ተራኪው ያለው እንዲህ ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አንድ አዛውንት ለንደን ይኖራሉ። ልጃቸው ትንከባከባቸዋለች። በሽታው ሲብስ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ይገባሉ። አለቀ። አልዋሸም። ሁሉም ትክክል ነው። «አይ ያሳዝናል» ብዬ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ከወራት በኋላ ፊልሙን ራሱን አየሁት። በ2020 የወጣ ነው። ፈረንሳዊው ፍሎሪያን ዜለር የራሱን ቴአትር ነው ወደ ፊልም የለወጠው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። አዛውንቱን የተጫወቱት አንቶኒ ሆፕኪንስ ናቸው። በዚህ ፊልም በ83 ዓመታቸው ኦስካር አገኙ። በምርጥ ዋና ተዋናይነት ይሄን ሽልማት ካገኙ ሰዎች በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ሆኑ።

ፊልሙ ስለ በሽታው አይነግረንም። በሽታው ውስጥ ያስገባናል። መጀመሪያ አካባቢ ልጃቸው አን አለች፤ ኦሊቪያ ኮልማን ናት። ትንሽ ቆይቶ የማናውቀው ሰውዬ ሳሎን ቁጭ ብሏል። እዚህ ነው የምኖረው ይላል። ከዚያ አን ትገባለች። ግን ሌላ ሴት ናት። ሌላ ተዋናይ። አዛውንቱ ግራ ይጋባሉ። እኔም ግራ ተጋባሁ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ወደኋላ መልሼ አየሁት። ቤቱም እንደዚያው ነው። ኮሪደሩ ያው ነው፤ በሮቹ ያው ናቸው። ቀለሙና ዕቃው ግን ሳናስተውለው ይለወጣል።

ደግሞ ሰዓታቸው ይጠፋል። ተሰረቅሁ ይላሉ። አስታማሚዋን ይጠረጥራሉ። ሰዓቱ ያለው ራሳቸው የደበቁበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት።

እማማ፣ የእናቴ እናት፣ ከመሞቷ በፊት ለሦስት ዓመት እንደዚህ ሆና ነበር። ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ነጠላውን ትራሷ ሥር ትሸጉጠዋለች። ከሰዓት በኋላ ትረሳዋለች። ከዚያ ቤት የምታግዘንን ልጅ «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» ትላታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች። እናቴ ትቆጣለች። እኔ ትራሱን አንስቼ ቋጠሮውን አሳያታለሁ። «ይኸው! ራስሽ ነሽ ያስቀመጥሽው!» እላታለሁ። በየቀኑ። ትክክል ስለሆንኩ የረዳኋት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ቋጠሮውን ካሳየኋት በኋላ አየት አየት አደረገችኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ለእናቴም እንደ ቀልድ ነገርኳት።

ያን ፊልም እስካይ ድረስ እማማ ፈርታ እንደነበር አልገባኝም። ቤቱ በየሰዓቱ የሚለወጥባት፣ የገባ የወጣው ፊት ሁሉ የሚምታታባት ሰው ነበረች። እኔ ትራሱን አንስቼ ስጮህ፣ የማታውቃት ልጅ መኝታዋ ላይ ቆማ እየጮኸችባት ነበር። ይሄን አስር ደቂቃው አልነገረኝም። ሊነግረኝም አይችልም። ተራኪው ሁሉን ያውቃል። ማን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤት የማን እንደሆነ አስተካክሎ ነው የሚነግረን። ፊልሙ የተሠራው ደግሞ እንዳይስተካከል ነው። ሲስተካከል አዛውንቱ ከውጭ የሚታዩ በሽተኛ ይሆናሉ። ሳይስተካከል ሲቀር ግን እኛ ራሳችን እሳቸውን ሆነን እንቀመጣለን።

ጸሐፊው «መጨረሻውን ካወቅሁት ምን እቀመጣለሁ» ይላሉ። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ምን እንደተፈጠረ አውቆ ነው የሚሄደው። ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ሰምቷል። አዲስ ወሬ ፍለጋ አይደለም የሄደው። እዚያ ፍራሽ ላይ ከሐዘንተኛው ጋር ሊቀመጥ ነው። ታሪኩን በስልክ ሰምቻለሁ ብሎ የሚቀር ሰው አለ?

ፊልሙ ከመቶ ደቂቃ አይበልጥም። እማማ በሕይወት እያለች ባየው ኖሮ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

«ሰብታይትል ያደክማል፤ በአማርኛ ከተተረከ ብቻ ይታይ»

ድካሙን አውቀዋለሁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስክታነብ ጽሑፉ ያልፋታል። ቃና በ2016 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ቤታችን በዓል ነበር፤ ዜና እንጂ ሌላ የማያይ አባቴ ሳይቀር ሰዓት ጠብቆ ይቀመጥ ነበር። ዓይኑ ለደከመ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ይሄ ትልቅ ውለታ ነው። በዚህ ላይ አንድም ክፉ ቃል የለኝም።

ማንበብ የሚችል ሰው ግን «በአማርኛ ካልሆነ አላይም» ሲል የሚያመልጠው ነገር አለ። «ፓስት ላይቭስ»ን ልውሰድ። የ2023 ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ሴሊን ሶንግ ደቡብ ኮሪያ ተወልዳ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወደ ካናዳ የተሰደደች ናት። የፊልሙ ባለታሪክ ኖራም እንደዚያው። ልጅ ሆና ሴኡል ውስጥ የምትወደውን ልጅ ትታ ትሄዳለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በቪዲዮ ስልክ ይገናኛሉ። እንደገና ይጠፋፋሉ። ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ ኒውዮርክ ድረስ ሊያያት ይመጣል። እሷ አግብታለች። ባሏ አርተር አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው።

አንድ ማታ ሦስቱ አንድ ቡና ቤት ይቀመጣሉ። ኖራ መሐል ናት። መጀመሪያ ለሁለቱም እያስተረጎመች ታወራለች። ቀስ በቀስ ወደ ኮሪያዊው ትዞራለች። ወሬው በኮሪያኛ ብቻ ይሆናል። አርተር አጠገባቸው ዝም ብሎ ተቀምጧል። አንድ ቃል አይገባውም። አይቆጣም፤ አይነሳም። ይጠብቃል።

ይሄን ትዕይንት በአንድ ድምፅ፣ በአማርኛ ብቻ አስቡት። ሁሉም ሰው አማርኛ ይናገራል። አርተር ታዲያ ለምን ዝም አለ? ኩርፊያ ይመስላል። ትዕይንቱ የቆመው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ባለው ገደል ላይ ነው። ከዚያ በፊትም አርተር አልጋ ላይ የነገራት ነገር አለ። በእንቅልፍ ልቧ የምታወራው በኮሪያኛ ነው። እሱ የማይደርስበት ቦታ ውስጧ አለ። ኮሪያኛውን ለመማር የሚሞክረውም ለዚህ ነው።

ይሄ የኛም ታሪክ ነው። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። ባሏ አማርኛ አይችልም። በቪዲዮ ስንደውል እሱ «ሰላም ነው?» ይላል፤ የሚያውቃት ቃል እሷው ናት። ከዚያ እኛ አንድ ሰዓት እንስቃለን፣ እናማለን። እሱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ፈገግ እንዳለ ይቀራል። ፊልሙን ካየሁ በኋላ «ምን እንዳልን ንገሪው እንጂ» ማለት ለመድኩ። ውጭ አገር የምትኖሩ፣ በተለይ ልጆቻችሁ በሌላ ቋንቋ የሚመልሱላችሁ፣ ይሄን ፊልም እዩት። ጽሑፉን ለማንበብ ሁለቴ ማየት ካስፈለገም ሁለቴ እዩት።

«ኦስካር ያገኘውን ብቻ እዩ»

«ፓስት ላይቭስ» ለምርጥ ፊልምና ለምርጥ የፊልም ጽሑፍ ታጭቶ ነበር። አንዱንም አላገኘም። «ፐርፌክት ዴይስ»ም ታጭቶ አልቀናውም። በጸሐፊው ሚዛን ሁለቱም ይቀራሉ ማለት ነው። ሽልማት ጠላት አይደለም፤ «ዘ ፋዘር»ም ተሸልሟል። «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» የተባለው የፈረንሳይ ፊልም የካንን ትልቁን ሽልማትም፣ ኦስካርም አግኝቷል፤ ይገባዋልም። ግን ሽልማት ፊልሙን ማን እንዳቀረበውም ይወስነዋል። እነዚህ ፊልሞች በወጡበት ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ፊልም ለኦስካር የውጭ ፊልም ዘርፍ ይወዳደር የነበረው አገሩ ስትልከው ነው። ያውም አንድ ብቻ ነበር የምትልከው።

«ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» ላይ የደረሰው ይሄ ነው። የሕንዷ ዳይሬክተር ፓያል ካፓዲያ ሥራ ነው። በ2024 ካን ላይ ከትልቁ ሽልማት፣ ከወርቅ ዘንባባው፣ ቀጥሎ ያለውን ግራን ፕሪ አገኘ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለዋናው ውድድር የበቃ የመጀመሪያው የሕንድ ፊልም ነበር። ሕንድ ግን ለኦስካር ሌላ ፊልም ላከች። ኦስካር ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይሄን ፊልም ስሙንም አይሰማውም።

ፕራባ ሙምባይ ውስጥ ነርስ ናት። ባሏ ካገቡ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ጀርመን ሄዷል። መደወል ካቆመ ቆይቷል። አንድ ቀን በፖስታ ዕቃ ይመጣላታል። የላኪ ስም የለውም። ሲከፈት ቀይ የሩዝ ማብሰያ ነው፤ ጀርመን የተሠራ። እሱ ይሆን የላከው? ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ማብሰያውን ወስዳ ታስቀምጠዋለች። ሌሊት ግን ተነስታ መሬት ቁጭ ትልና ዕቃውን ታቅፈዋለች። እንደ ሰው። ምንም አትልም።

ባሏ ወይም ሚስቱ ዓረብ አገር ያለ ሰው ይሄን ትዕይንት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስንቱ ቤት ነው ብርድ ልብስና ብረት ድስት እየመጣ ድምፅ የጠፋበት? እኔ የማውቃት አንዲት ሴት ከኩዌት የተላከላትን የቡና ስኒ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣው ነበር። «ሲመጣ እንከፍተዋለን» ትል ነበር።

እዚያው ፊልም ውስጥ ፓርቫቲ የምትባል የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ አለች። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችበትን ቤት ልትለቅ ነው። ፎቅ ሠሪው ቦታውን ይፈልገዋል፤ እሷ የምታሳየው ወረቀት የላትም። ወረቀቱ ከባሏ ጋር ጠፍቷል። ወረቀት ከሌለሽ አልኖርሽም ማለት ነው ወይ? ይሄን ጥያቄ ይዛ ወደ መንደሯ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ስትመለስ ፕራባና ሌላ ነርስ ይሸኟታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

«ችግር በቤታችን ሞልቷል»

ይሄ ሐሳብ ያሳስበኛል፤ እንደ ዋዛ አላልፈውም። ቀኑን ሙሉ የደከመ ሰው ማታ መሳቅ ቢፈልግ መብቱ ነው። ከለቅሶ በላይ ለቅሶ የሚደራርቡ፣ ሙዚቃ እያስጮኹ እንባ የሚጨምቁ ፊልሞችም ሰልችተውኛል። ግን ችግር ቤታችን ስላለ ብቻ አይተነዋል ማለት አይደለም።

«ኢዮ ካፒታኖ»ን ልጥቀስ። ጣሊያናዊው ማቴዮ ጋሮኔ በ2023 የሠራው ነው። በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አግኝቶበታል። መሪ ተዋናዩ ሴዱ ሳርም በወጣት ተዋናይነት ተሸልሟል። ሴዱና ሙሳ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከዳካር ተነስተው በኒጀር፣ በሰሃራ፣ በሊቢያ አድርገው ጣሊያን መግባት ይፈልጋሉ። የተሠራው መንገዱን ራሳቸው ባለፉ ሰዎች ታሪክ ላይ ነው። የኛ ልጆች በሱዳን በኩል አድርገው የሚገቡት ወደዚያው ሊቢያ ነው። በጅቡቲ ተሻግረው ወደ የመንና ሳዑዲ የሚሄዱትም መንገዱ ይለያል እንጂ ደላላው፣ ጥማቱ፣ ለማስለቀቂያ የሚጠየቀው ብር ያው ነው።

እኛ ግን ይሄን የምናውቀው በቁጥር ነው። ጀልባ ተገለበጠ፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ። ፊልሙ ቁጥር የለውም። መጀመሪያ አካባቢ ሴዱ ለእናቱ መሄድ እንደሚፈልግ ይነግራታል። እናቱ ትቆጣለች። መንገድ ላይ ስለሞቱት ትነግረዋለች። ሲያያት ይደነግጥና «ቀልዴን ነው» ይላታል። ትንሽ ቆይቶ ሳይሰናበታት ይሄዳል።

የሰፈራችን አንድ ልጅም ሳይናገር ነው የሄደው። እናቱ እስካሁን «ቢነግረኝ ኖሮ አስቀረው ነበር» ትላለች። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ፊልሙ ግን የነገራትን ልጅ ነው ያሳየኝ። ነግሯታል። ሰምቷታል። ደግሞ ሄዷል። አሁን ያቺን እናት ሳገኛት ያንን «ቢነግረኝ ኖሮ» ከላይዋ ባወርድላት እወዳለሁ።

የርዕሱ ትርጉም «እኔ ካፒቴኑ» ማለት ነው። ዋና የማይችል ልጅ ሰው የሞላበት ጀልባ እንዲነዳ ይሰጡታል። ሰዎቹን ሁሉ በሕይወት ለማድረስ ሲለፋ ፊቱን እዩት። ስደተኛ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ አንድ መልክ ይኖረዋል።

«ከኛ አገርም የለም»

አለ። ጥቂት ነው፤ ግን አለ።

የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ጸሐፊው ያዩት አልመሰለኝም። በ2019 የወጣ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ሥርዓት ነበረን። ፊልሙ የቆመው እዚያ ላይ ነው። የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች አብረው ታስረው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይተኛል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ለድራማ ከዚህ የተሻለ መነሻ የትኛው ሆሊውድ ጽፏል? ያውም ከራሳችን ፍትሕ የወጣ ነው። ቋንቋው ደግሞ የቅኔ ቤት ለዛ አለው፤ ይሄ ፊልም በትረካ ቢሰማ ምን እንደሚቀርለት አላውቅም።

ያሬድ ዘለቀ በ2015 የሠራው «ላምብ» ትንሽ ቆየት ብሏል። ግን ብዙ ሰው አላየውምና ላንሳው። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመዶች ዘንድ ይተወዋል። ያለችው አንዲት በግ ናት። ቹኒ ይላታል። ቤቱን የሚመሩት ዘመዱ በጓን ለበዓል እንዲያርዳት ይወስናሉ። ኤፍሬም ደግሞ የሚወደው ወጥ ቤት ነው፤ ከእናቱ የተማረው ምግብ መሥራት ነው። ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል ተብሎ ይሰደባል። እሱ ግን ተደብቆ ሳምቡሳ ይጠብሳል። ገበያ ወስዶ ይሸጣል። በጓንም ራሱንም ወደ አገሩ የሚመልስበት የመኪና ገንዘብ ሊያጠራቅም ነው።

የልጁን እጅ አስተውሉ። ሊጡን ሲዳምጥ፣ ምስሩን ሲሞላ፣ ጠርዙን ሲያጣብቅ። ስለ እናቱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ እናቱ እዚያ ጓዳ ውስጥ ናት። ጸሐፊው «የኛ ፊልም ስሜትን በጩኸት እንጂ በሌላ መግለጽ አይችልም» ብለዋል። አንድ ልጅ ሳምቡሳ ሲያጥፍ ይዩልኝ።

አሁን ለጓደኛዬ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። «ዘ ፋዘር»ን ፍላሽ ላይ አዘጋጅቻለሁ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ሰብታይትሉን እኔ አነብላቸዋለሁ።